ቤዚክ አካውንት፦ እንግሊዝ አገር ያለ ክሬዲት ታሪክ ባንክ መክፈት

ጥገኝነት ጠይቆ ዓመት ሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቱ ሲወጣለት ደስታውን በቅጡ ሳያጣጥም ቀን መቁጠር ይጀምራል። ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ) በየሳምንቱ ገንዘብ የሚሞላለት የአስፐን ካርድ ይዘጋል፤ ከነበረበት ማረፊያም እንዲወጣ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ለብዙዎች የሚሰጠው ጊዜ 28 ቀን ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለው የመንግሥት ድጎማ ደግሞ ካመለከቱበት ዕለት ጀምሮ የመጀመሪያው ክፍያ እስኪገባ 5 ሳምንት ያህል ይፈጃል። 28 ቀን 4 ሳምንት ነው። መሃል ላይ ያለውን ቀዳዳ የሚደፍን ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል፤ እስከ 24 ወር ድረስ እየተቆረጠ የሚመለስ ነው። እሱም ቢሆን የሚገባው ባንክ ነው። ሥራ ቢገኝ ቀጣሪው፣ ቤት ቢገኝ አከራዩ የሚጠይቁት ያንኑ ነው፦ ባንኩን የሚለየው ባለ 6 አኃዝ ሶርት ኮድና ባለ 8 አኃዝ የአካውንት ቁጥር።

ልክ በዚህ ሰዓት ነው ከዚህም ከዚያም «ክሬዲት የለህም፣ ባንክ አይከፍቱልህም» የሚል ወሬ የሚመጣው። ወሬው ሰውን አሳፍሮ ቤቱ ያስቀምጣል። ስህተትም ነው። ብሪታንያ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ሰው ተብሎ በሕግ የተደነገገ አካውንት አለ፤ ቤዚክ ባንክ አካውንት ይባላል። ከባንክ በር ሰው ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው ክሬዲቱ አይደለም። ወይ የጠየቀው አካውንት ሌላ ነው፣ ወይ ስሙ በየወረቀቱ የተለያየ ነው፣ ወይ አድራሻውን የሚያሳይ ወረቀት የለውም። ሦስቱም ባንክ ቤት ከመሄድ በፊት ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው።

አገር ቤት የቁጠባ ደብተር ለማውጣት መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ይዞ መሄድ ነው፤ ፎርም ይሞላል፣ ይፈረማል፣ መጠነኛ ብር ይገባል። የብድር ታሪክህን አምጣ የሚል የለም። እዚህ «ክሬዲት» የሚለው ቃል ራሱ ያደናግራል። የስልክ ሂሳብ ሲያልቅ ክሬዲት አለቀ ይባላል፤ የመንግሥት ድጎማውም ዩኒቨርሳል ክሬዲት ይባላል። ባንኩ የሚለው ክሬዲት ግን ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ሰው ተበድሮ ወይም ውል ገብቶ በሰዓቱ መክፈል አለመክፈሉን ኤክስፔሪያን፣ ኢኩዊፋክስና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ድርጅቶች የሚይዙት መዝገብ ነው። አዲስ የመጣ ሰው መዝገብ ባዶ ነው። ባዶ መሆንና መጥፎ መሆን ደግሞ አንድ አይደለም። መጥፎ የሚባለው ሳይከፈል የቀረ የስልክ ውል፣ ዲፎልት (አበዳሪው ውሉ እንደፈረሰ የመዘገበው ዕዳ)፣ ሲሲጄ የሚባለው የፍርድ ቤት የዕዳ ውሳኔ ወይም ኪሳራ ያለበት ነው፤ እነዚህ በመደበኛው 6 ዓመት መዝገቡ ላይ ይቆያሉ።

ባንክ ይህን መዝገብ የሚያየው መደበኛው ከረንት አካውንት በሆዱ ብድር ይዞ ስለሚመጣ ነው። ገንዘባችሁ ሲያልቅ እስከተወሰነ መጠን ከዜሮ በታች እንድትወርዱ ይፈቅዳል፤ ኦቨርድራፍት የሚባለው ይህ ነው። ቤዚክ አካውንት ኦቨርድራፍትም የቼክ ደብተርም የለውም። ባንኩ የሚያበድራችሁ ነገር ከሌለ፣ ብድር ትመልሱ እንደሆነ የሚመረምርበት ምክንያትም የለውም። ከዚህ በታች የሚመጣው ሁሉ ከዚህች ነጥብ የሚፈልቅ ነው።

ሕጉ «ፔይመንት አካውንትስ ሬጉሌሽንስ 2015» ይባላል። የቤዚክ አካውንቱ ክፍል ሥራ ላይ የዋለው በሴፕቴምበር 2016 ነው። አካውንቱን እንዲያቀርቡ የተሰየሙት 9 ናቸው፦ ባርክሌይስ፣ ኤችኤስቢሲ፣ ሎይድስ ከነሃሊፋክስና ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ፣ ናትዌስት ከነአርቢኤስ፣ ሳንታንደር፣ ኔሽንዋይድ፣ ኮኦፕሬቲቭ ባንክ፣ ቲኤስቢ እና በ2024 ኔሽንዋይድ የገዛው ቨርጂን መኒ። የደሞዝና የድጎማ ክፍያ ይቀበላል፣ ዴቢት ካርድ አለው፣ ከየትኛውም ባንክ ኤቲኤም ገንዘብ ይወጣበታል፣ ዳይሬክት ዴቢት (ድርጅቱ ራሱ በየጊዜው ክፍያውን የሚወስድበት) እና ስታንዲንግ ኦርደር (እናንተ የምታዙት ቋሚ ክፍያ) ይሠራበታል። ወርኃዊ ክፍያ የለውም። ክፍያ ሳይሳካ ቢቀርም ባንኩ አይቀጣችሁም፤ ለድሃ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የቀድሞዎቹ አካውንቶች ድሃውን የሚያራቁቱት በዚህ ቅጣት ነበር።

ብሪታንያ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖርና ሌላ እንዲህ ያለ አካውንት የሌለው ሰው ለዚህ አካውንት ብቁ ነው። መጥፎ ክሬዲት ብቻውን ለእምቢታ ምክንያት መሆን አይችልም፤ ኪሳራ ማወጅም እንዲሁ። ባንኩ ሌላ ነገር ካልገዛችሁ አልከፍትም ማለትም አይችልም። እምቢ የሚልባቸው ምክንያቶች የማጭበርበር ወይም የሕገ ወጥ ገንዘብ ጥርጣሬ፣ ማንነትን ማረጋገጥ አለመቻል፣ እንዲሁም በ2014ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ተብሎ በሆም ኦፊስ የተለየ ሰው መሆን ናቸው።

አሁን ወደ ባንኩ ጠረጴዛ እንምጣ። ሠራተኛዋ «ምን ልርዳህ» ስትል አብዛኛው ሰው «አካውንት መክፈት እፈልጋለሁ» ይላል። እሷም መደበኛውን ፎርም ትከፍታለች፤ ኮምፒውተሩ መዝገቡን ያያል፣ ባዶ ያገኛል፣ አይሆንም ይላል። ሰውየው «ባንኩ አልተቀበለኝም» ብሎ ይወጣል። የተከለከለው ግን ያላስፈለገውን አካውንት ነው። በዚያ ላይ ሃርድ ሰርች የሚባለው ምርመራ መዝገቡ ላይ አሻራ ጥሎ ይሄዳል፤ ሦስት አራት ባንክ በአንድ ሳምንት ቢዞር ባዶ የነበረው መዝገብ በምርመራ ብቻ ይሞላል። ስለዚህ ገና ከአፋችሁ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል «ቤዚክ ባንክ አካውንት» ይሁን። የባንኩን መጠሪያ ብታውቁት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ናትዌስት ዘንድ «ፋውንዴሽን አካውንት» ነው፣ ኔሽንዋይድ ዘንድ «ፍሌክስቤዚክ»፣ ኮኦፕሬቲቭ ባንክ ዘንድ «ካሽማይንደር»። ድረ ገጻቸው ላይ ከሌሎቹ አካውንቶች ሁሉ በታች ተቀምጦ ነው የሚገኘው። ባንኮች ለዚህ አካውንት ማስታወቂያ አይሠሩም፤ ምንም ስለማያተርፉበት ነው። ሰዉ ስለ መብቱ ከባንኩ ሳይሆን ከጎረቤቱ የሚሰማውም ለዚሁ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወረቀት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚህ ነው።

ባንኩ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ማን እንደሆናችሁና የት እንደምትኖሩ። ለመጀመሪያው ፓስፖርት፣ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ወይም መንጃ ፈቃድ ይሆናል። ቀድሞ ቢአርፒ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ነበር፤ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ቦታውን ኢቪዛ የሚባለው የኢንተርኔት መዝገብ ወስዶታል። ኢቪዛ በእጅ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ በዩኬቪአይ (የሆም ኦፊስ የቪዛ ክፍል) አካውንታችሁ ገብታችሁ «ሼር ኮድ» ታወጣላችሁ። ኮዱ ባለ 9 ፊደልና ቁጥር ነው፤ ለ90 ቀን ይሠራል። ኮዱን ስታወጡ ለምን እንደፈለጋችሁት ይጠይቃችኋል። ለሥራ የወጣው በደብሊው፣ ለቤት ኪራይ የወጣው በአር ይጀምራል፤ ለባንክ የሚሆነው በኤስ የሚጀምረው ነው፣ ማለትም ከሥራና ከኪራይ ውጪ ለሌላ ጉዳይ የሚለውን መርጣችሁ የምታወጡት። ለቀጣሪ የወጣ ኮድ ይዞ ባንክ መሄድ ለከንቱ መመላለስ ነው። ኢቪዛን የማያውቅ የባንክ ሠራተኛም አለ፤ ስለዚህ ሆም ኦፊስ የላከላችሁን የውሳኔ ደብዳቤ አብራችሁ ያዙ።

ፎቶ ያለው መታወቂያ ጭራሹን ለሌለው ሰው አንድ ጥሩ መንገድ አለ፦ ፕሮቪዥናል የሚባለው የለማጅ መንጃ ፈቃድ። መኪና የመንዳት ሐሳብ ባይኖራችሁም ይጠቅማል፤ በአንድ ካርድ ፎቶ፣ ስም፣ የልደት ቀንና አድራሻ ይይዛል። በኢንተርኔት 34 ፓውንድ፣ ከፖስታ ቤት ዲ1 የሚባለውን ፎርም ወስዶ በፖስታ 43 ፓውንድ ነው። ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ወረቀቱ በወጣ ሳምንት መጀመር ነው።

ስም። ኢትዮጵያዊ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ነው የሚሄደው፤ እንግሊዝ አገር ግን የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። ሆም ኦፊስ የአያትን ስም ሰርኔም አድርጎ ይመዘግባል፣ ጆብ ሴንተር (የሥራና የድጎማ ቢሮው) የአባትን፣ ጂፒው (የሰፈር ሐኪሙ) ደግሞ ሁለቱን ብቻ ጽፎ አያትን ይተዋል። ለእኛ ሦስቱም አንድ ሰው ነው፤ ለባንኩ ኮምፒውተር ሦስት ሰው ነው። «ኃይለ ማርያም» ስንል አንድ ስም ነው፤ በእንግሊዝኛ ነጥሎ የጻፈው ሰው ግን «ኃይለ»ን ስም፣ «ማርያም»ን የቤተሰብ ስም ያደርገዋል፤ ከዚያ ባንኩ «ሚስተር ማርያም» ብሎ ደብዳቤ ይልካል። «ፀሐይ» በአንድ ወረቀት በቲ-ኤስ ይጀምራል፣ በሌላው በቲ-ዜድ፣ በሦስተኛው በኤስ ብቻ። የአንድ ፊደል ልዩነት በስልክ መተግበሪያ የሚደረገውን ማረጋገጫ ለማክሸፍ ይበቃል። የሚጽፍላችሁም «አልተሳካም» ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይነግራችሁም።

የልደት ቀንም ያው ነው። መጋቢት 12 ቀን 1988 የተወለደች ሴት በፈረንጆቹ ማርች 21 ቀን 1996 ነው የተወለደችው። በመንገድ ላይ በሆነ ቦታ 1988ን እንዳለ የጻፈባት ካለ በአንድ ወረቀት 8 ዓመት ትበልጣለች። የልደት ቀኑን በእርግጠኝነት ያልተናገረ ሰው ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይመዘገባል።

መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ኢቪዛው ላይ ያለውን አጻጻፍ እንደ መሠረት ይዞ ሌላውን ሁሉ ወደዚያ ማምጣት። ኢቪዛው ራሱ ስህተት ከሆነ መጀመሪያ እሱን በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ባለው የስህተት ማስታወቂያ ማስተካከል ነው። ከዚያ ጆብ ሴንተር፣ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደሩ)፣ ጂፒና ሆስቴሉ ፊደል በፊደል እንዲጽፉ መጠየቅ። ስማችሁን በቃል አትንገሩ፤ በትልቅ ፊደል ጽፋችሁ ስጡ፣ የትኛው ስም በየትኛው ሳጥን እንደሚገባ ምልክት አድርጉ። እማማን ወይም አባባን ይዞ ለማስተርጎም የሚሄድ ልጅም ቤት ውስጥ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያስተያይ፤ ጠረጴዛው ላይ ደርሶ ልዩነት ከሚገኝ ያ ግማሽ ሰዓት ይሻላል።

ለአድራሻ የተለመደው የጋዝ ወይም የመብራት ሂሳብ ነው፤ አዲስ ሰው ደግሞ የለውም። በምትኩ የጆብ ሴንተር ወይም የዲደብልዩፒ (ድጎማ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ፣ የኤችኤምአርሲ (የግብር መሥሪያ ቤቱ) ደብዳቤ፣ የካውንስል ታክስ ሂሳብ፣ ከካውንስል ወይም ከሃውሲንግ አሶሲየሽን (ቤት አከራይ ማኅበር) የተደረገ የኪራይ ውል ይሆናል። ደብዳቤዎቹ በአብዛኛው ከ3 ወር ያልበለጡ መሆን አለባቸው። ከስልክ ላይ የታተመ ወረቀት አንዳንድ ባንኮች አይቀበሉም፤ ስለዚህ በፖስታ የሚመጣን ማንኛውንም ደብዳቤ ከነፖስታው አስቀምጡ። ሆስቴል ውስጥ ያለ ሰው የሆስቴሉ ኃላፊ በድርጅቱ ማኅተም ባለው ወረቀት ስሙን፣ የልደት ቀኑንና ከመቼ ጀምሮ እንደሚኖር ጽፎ ሊሰጠው ይችላል። የፋይናንስ ተቆጣጣሪው ኤፍሲኤ መመሪያም መደበኛ ማስረጃ ማቅረብ የማይችል ሰው በዚህ ብቻ ከአገልግሎት እንዳይገለል ባንኮች ሌላ ማስረጃ እንዲያዩ ይላል። ቋሚ አድራሻ ጭራሹን ለሌለው ኤችኤስቢሲ ሸልተር ከተባለው የቤት አልባዎች ድርጅት ጋር የሚሠራው «ኖ ፊክስድ አድሬስ» የተባለ አገልግሎት አለው፤ ደጋፊው ድርጅት ነው የሚያቀርባችሁ።

ብዙ ወጣቶች በዚህ ሁሉ ፈንታ በስልክ ብቻ የሚሠሩትን እንደ ሞንዞና ስታርሊንግ ያሉትን ይመርጣሉ። መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ሁለቱም ሙሉ ባንክ ናቸው፣ ገንዘቡም በመንግሥት በተቋቋመው የዋስትና ፈንድ ተሸፍኗል። ነገር ግን ከ9ኙ ውስጥ ስላልሆኑ ቤዚክ አካውንት የመክፈት ግዴታ የለባቸውም፤ እምቢ ቢሉ ከላይ ያለውን ሕግ መጥቀስ አይቻልም። ባንክ ያልሆኑ፣ ኢ-መኒ የሚባሉ የካርድ ድርጅቶች ደግሞ የዋስትናው ሽፋን የላቸውም። ጊዜ እስኪገኝ ለመሻገሪያ ይሆኑ ይሆናል፤ ደሞዝ ሙሉ ለሙሉ እዚያ ማሳደር አልመክርም።

ፎርሙና ወረቀቱ ተሟልቶ ከገባ ባንኩ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መክፈት ወይም እምቢ ማለት አለበት። እምቢ ካለ በጽሑፍና በነፃ ምክንያቱን ማስታወቅ፣ የት አቤት እንደሚባልም መንገር አለበት፤ ምክንያቱን መግለጥ ራሱ በሕግ የተከለከለ ካልሆነ በቀር። «ሲስተሙ አልወሰደውም» ደብዳቤ አይደለም። «ኮምፕሌይንት» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ፤ ከዚያ በኋላ ባንኩ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አለው። መልሱ ካላረካችሁ ወይም 8 ሳምንቱ ካለፈ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ የሚባለው ገለልተኛ አቤቱታ ሰሚ ዘንድ መሄድ ይቻላል፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ከባንኩ የመጨረሻ ደብዳቤ ጀምሮ ባለው 6 ወር ውስጥ መቅረብ ያስፈልጋል። ቅርንጫፍ ላይ የተከለከለ ሰው ቀኑን፣ የቅርንጫፉን ስምና የተባለውን ቃል እዚያው በር ላይ ቆሞ ይጻፍ። እስከዚያው ድረስ ዲደብልዩፒ አካውንት መክፈት ላልቻለ ሰው «ፔይመንት ኤክሴፕሽን ሰርቪስ» የሚባል የመክፈያ መንገድ አለው፤ ካልጠየቁት ግን አይሰጥም።

ዕዳ ያለበት ሰው አንድ ነገር ተጨማሪ ይጠንቀቅ። ያልከፈለው ዕዳ ያለበት ባንክ ዘንድ አዲስ አካውንት አይክፈት። ባንኩ «ሴት ኦፍ» በሚባለው መብቱ ከገባው ደሞዝ ወይም ድጎማ ላይ የራሱን ዕዳ ሊወስድ ይችላል። በአንድ ቡድን ያሉ ባንኮችንም አስቡ፤ የሃሊፋክስ ዕዳ ያለበት ሰው ሎይድስ ሄደ ማለት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ገባ ማለት ነው። አማራጭ ከሌለ «ፈርስት ራይት ኦፍ አፕሮፕሪየሽን» የሚባል መብት አለ፦ የሚገባው ገንዘብ ይህን ያህሉ ለኪራይ፣ ይህን ያህሉ ለምግብ ይዋል ብላችሁ ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ለባንኩ በጽሑፍ ማሳወቅ።

አካውንቱ ከተከፈተ በኋላ አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ዳይሬክት ዴቢት ላይ ብቻ ላስጠንቅቅ። ባንኩ ባይቀጣችሁም ገንዘቡን የሚጠብቀው የስልክ ድርጅት ወይም አከራይ ሊቀጣ ይችላል። ክፍያው የሚወጣው ማለዳ ነው፤ ካልተሳካ ብዙ ባንኮች በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግመው ይሞክራሉ፤ ጠዋት መልእክት ካያችሁ ገና ጊዜ አለ ማለት ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚገባበትን ቀን አውቃችሁ ሁሉንም ዳይሬክት ዴቢት በማግሥቱ ወይም ከዚያ በኋላ እንዲሆን አስቀይሩ፤ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ከ24 ወር በላይ ምንም ያልተንቀሳቀሰበትን አካውንት ባንኩ በ2 ወር ማስጠንቀቂያ ሊዘጋው ይችላል።

ክሬዲቱን በኋላ ለመገንባት፣ በወር የሚከፈል የሲም ውል ወይም ከክሬዲት ዩኒየን (የቁጠባና ብድር ማኅበር) የሚወሰድ ትንሽ ብድር ይበቃል፤ ወለዱ የሚያቃጥለውን የክሬዲት መገንቢያ ካርድ ለመያዝ መቸኮል አያስፈልግም። በእንግሊዝ የብሪታንያ ዜግነት የሌለው ኢትዮጵያዊ በመራጮች መዝገብ ላይ መግባት አይችልም፤ ይህ ደግሞ ባንኮች አድራሻ የሚያረጋግጡበት መዝገብ ነው። በስኮትላንድና በዌልስ ግን ፈቃድ ኖሮት የሚኖር የውጭ ዜጋ በአካባቢ ምርጫ ይሳተፋል፤ ግላስጎው ወይም ካርዲፍ ያላችሁ ተመዝገቡ። ለንደንና ሊድስ ያላችሁ የመኖሪያ ማስረጃ ለሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች ልካችሁ መዝገባችሁ ላይ ማስታወሻ እንዲቀመጥ መጠየቅ ትችላላችሁ።

የቀረው ነገር ከሁሉም ይከብደኛል። በዚህ አገር ሰውን በእውነት ከባንክ የሚያስወጣው መጥፎ ክሬዲት ሳይሆን ሲፋስ የሚባለው የማጭበርበር መዝገብ ነው። አንድ ባንክ ስማችሁን እዚያ ካስገባው ምልክቱ እስከ 6 ዓመት ይቆያል፤ ቤዚክ አካውንት እንኳ ለመከልከል የሚበቃ ምክንያት ይሆናል። ሰው እዚያ የሚገባውም ሌባ ሆኖ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ነው የሚያስገባው።

እንዲህ ይመጣል። የሚታወቅ ሰው፣ ምናልባት የሰፈር ልጅ፣ «አካውንቴ ተቆልፏል፣ ሁለት ሺህ ፓውንድ ይግባልህና አውጥተህ ስጠኝ፣ መቶውን ላንተ» ይላል። ወይም ገንዘብ አገር ቤት ልኬ ልስጥ የሚል ሰው አለ፤ እዚህ ፓውንድ ይቀበላል፣ እዚያ ዘመዱ ብር ይከፍላል። የባንክና የጥቁር ገበያው ምንዛሪ እጅግ ተራርቆ በነበረበት ጊዜ፣ ብሩ በጁላይ 2024 ለገበያ ከመለቀቁ በፊት፣ ይህ መንገድ በጣም ተለምዶ ነበር። አሁንም አልቀረም። ችግሩ እናንተ አካውንት የገባው ፓውንድ ከማን እንደመጣ አታውቁም። ጠዋት የተታለለች አሮጊት የላከችው ሊሆን ይችላል። ባንኳ ገንዘቡን ተከታትሎ ሲመጣ የሚያገኘው ስም የእናንተ ነው። ሕጉ ይህን የሕገ ወጥ ገንዘብ ዝውውር ይለዋል፤ ከፍተኛው ቅጣት 14 ዓመት እስራት ነው። ገንዘብ የምትልኩበት ድርጅት ስሙ በኤፍሲኤ መዝገብ ላይ መኖሩን እዩ፤ የግለሰብ አካውንት ሰጥቶ «እዚህ አስገባ» የሚል ሰው ድርጅት አይደለም።

እቁብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እቁብ ሕገ ወጥ አይደለም፤ የእኛ ጥሩ ባህል ነው። ነገር ግን የድጎማ ገንዘብ ብቻ በሚገባበት ቤዚክ አካውንት ላይ በአንድ ቅዳሜ ከ15 ሰው 200 ፓውንድ ገብቶ ሰኞ 3,000 ፓውንድ በአንድ ጊዜ ሲወጣ፣ ለባንኩ ማሽን ከላይኛው ታሪክ አይለይም። ዩኒቨርሳል ክሬዲትም የእናንተ ገንዘብ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ሰብሳቢ የሆነ ሰው የአባላቱን ስም፣ የዕጣውን ተራና የተከፈለበትን ቀን የያዘ ደብተር ይኑረው፤ ባንኩ ሲጠይቅ ይህ ደብተር ነው የሚያድነው።

ሲፋስ ላይ ስማቸው እንዳለ የሚጠረጥሩ ሰዎች ድርጅቱ ስለነሱ የያዘውን መረጃ በነፃ መጠየቅ ይችላሉ፤ መልሱ በአንድ ወር ውስጥ ይመጣል፣ ያስገባው ባንክ የትኛው እንደሆነና ለምን እንደሆነም ይናገራል። አቤቱታው መጀመሪያ ለዚያ ባንክ ነው፣ ቀጥሎ ለሲፋስ፣ ካልሆነ ለኦምቡድስማኑ። ባንኩ ምልክቱን ለማቆየት ሰውየው እያወቀ መሳተፉን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል፤ በጥርጣሬ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ ከሰውየው ጋር የተጻጻፋችሁት የዋትስአፕና የቴሌግራም መልእክት፣ በአማርኛም ቢሆን፣ አታጥፉት። አስተርጉማችሁ ከነቀኑና ከነሰዓቱ አያይዛችሁ ላኩት።